የልብስ ሰፊው አፈ ንጉሥ

ልብስ ሰፊው ቀኑን ሙሉ በከንፈሩ ስፒል ይዞ የሚውል ሰው ነበር። ስድስት፣ ሰባት፣ ሥራ ሲበዛ ደግሞ አሥር። የደንበኛውን ትከሻና ወገብ እየዞረ አንድ በአንድ ከአፉ ይመዝና ጨርቁ ላይ ይሰካል። ስፒል የያዘ አፍ አያወራም፤ ቢያወራ ይውጣል። ስለዚህ የሚናገርለት ሰው ያስፈልገው ነበር፤ ያም ሰው ሚስቱ ነበረች።

ቅንድቡን ካነሳ «ትከሻው ላይ ሰፍቷል፣ እናጠበዋለን» ትላለች ለደንበኛው። በአፍንጫው «እምም» ካለ «ለሐሙስ አይደርስም፣ ቅዳሜ ብቅ ይበሉ» ማለቱ ነው። ዓይኑን ጨፈን ካደረገ ጨርቁ የማይረባ ነው ማለት ነው፤ ይህን ግን እንዳለ አትናገረውም፣ ማር ቀብታ ነው የምታቀርበው። እያደር ስፒሉ ከአፉ ወጥቶም ልማዱ አልለቀቃቸው አለ። ምሳ ላይ፣ መንገድ ላይ፣ እንግዳ ፊት፣ እሱ ይጀምራል እሷ ትጨርሳለች። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል ይባላል፤ እነዚህ ሁለቱ ግን በአንድ ጉሮሮ ይናገሩ ነበር፣ ጉሮሮውም የእሷ ነበር።

የመንገዱ ባለሱቆች «አፈ ንጉሥ» ብለው ስም አወጡላት። ንጉሡ ጨርቅ ይቆርጣል፣ አፈ ንጉሥ ፍርዱን ታሰማለች። ለማሾፍ ያወጡላትን ስም እሷ እንደ ሹመት ተቀበለችው። እሱም አልከፋው። ሰው አንድ ነገር ሲጠይቀው «እኔ ምን አውቃለሁ፣ አፌን ጠይቋት» ይል ነበር፤ ይህችኑም ግማሿን ሲል እሷ ትጨርስለታለች። አርባ አንድ ዓመት እንዲህ ኖሩ። በደስታ ነው የኖሩት፤ ይህ ሳይነገር ቢታለፍ ግፍ ነው።

አንድ ሰኞ ጠዋት ጠመኔው ከመቁረጫው ጠረጴዛ ላይ ተንከባሎ ሥሩ ገባ። ልብስ ሰፊው ተንበርክኮ አነሳውና ቀና ሲል፣ ከግራ ጆሮው ከፍ ብሎ ራሱን የጠረጴዛው የብረት ጥግ መታው። ካውያው ጋ ቆማ የነበረችው አፈ ንጉሥ ድምፁ ጥርሷ ውስጥ ተሰማት። አልወደቀም፣ ራሱንም አልሳተም። ጠረጴዛውን ከነዘር ማንዘሩ ሰደበው፣ የተመታውን ቦታ አሸት አሸት አደረገና ወደ ሥራው ሊመለስ አለ።

«ለዚህች ብዬ ሐኪም ቤት?» አለ እብጠቱን እየነካካ።

የወሰደችው ልጃቸው ናት። በከተማው ሌላኛው ጫፍ ሒሳብ ታስተምራለች፤ አንድ ነገር ከያዘች አትለቅም፣ በዚህ በኩል ቁርጥ እናቷን። አባቷ ለልቡ ሲል ደም የሚያቀጥን ክኒን እንደሚወስድ ስለምታውቅ ነገሩን እንደ ቀላል አላየችውም። ሲቲ ስካን ተነሣ። ንጹሕ ነው፣ ደም የለም ተባለ። ልብስ ሰፊው ደስ ብሎት ኮቱን ሊያጠልቅ ሲነሣ ነርሱ፣ አንድ ረጋ ያለ ጎልማሳ፣ ትከሻውን ነካ አድርጎ አስቀመጠው።

«አባት፣ ዛሬ ንጹሕ ነው ማለት ነገም ንጹሕ ነው ማለት አይደለም» አለ። «እርስዎ ደምዎ ቀጭን ነው። አንዲት ትንሽ የደም ሥር ተሸንቁራ ከሆነ ቀስ እያለች ታንጠባጥባለች። በሦስት ቀንም ሊታይ ይችላል፣ በሦስት ሳምንትም። ክኒኑን ግን አያቋርጡ፣ ልብዎን የያዘልዎት እሱ ነው።» ከዚያ ወደ አፈ ንጉሥ ዞረ። «እናት፣ ዓይንዎ ከእሳቸው ላይ እንዳይነሳ።»

«ዓይኔንማ መች አንስቼ አውቃለሁ» አለች።

ሰባት ነገር የተጻፈበት ወረቀት ሰጣት። ራስ ምታቱ እየባሰ ከሄደ፤ ካስመለሰው፤ እንቅልፍ ካበዛ፤ ሚዛኑን ከሳተ፤ ዓይኑ ከደበዘዘበት፤ አንድ ጎኑ ከደከመው፤ ቃል ከጠፋበት ወይም ንግግሩ ከተምታታ። ከእነዚህ አንዱን ካያችሁ ሳትውሉ ሳታድሩ ኑ ይላል ከታች። ልጅቷ ወረቀቱን ሱቁ ውስጥ ደንበኛ ልብስ የሚለካበት ትልቁ መስታወት ላይ ለጠፈችው፣ ሁለቱም ቀኑን ሙሉ እንዲያዩት።

አፈ ንጉሥ እንደ ዘብ ቆመች። ጠዋት ጠዋት ትራሱን ገልብጣ ደም ትፈልጋለች። ጆሮውን ወደ ብርሃን አዙራ ውስጡን ታያለች። ደም ሲባል የምታውቀው ቀዩን ነው፣ ከልብስ ላይ በቀዝቃዛ ውኃ የምታስለቅቀውን። ሲራመድ ከኋላው ሆና እርምጃውን ትመለከታለች፤ ከበላ ሳህኑን፣ ከተኛ ሰዓቱን ታያለች። ከመስታወቱ ራቅ አድርጋ አቁማው ትንሿን ጽሑፍ አንብብ ትለዋለች። እሱም ተነጫነጨ።

«አንቺ ሴት፣ ሙሽራ አደረግሽኝ እኮ» አላት።

ከሰባቱ ነገሮች ስድስቱን በዚህ ዓይነት ጠበቀች። ሰባተኛው፣ የንግግሩ በር ላይ ግን ጠባቂ አልነበረም፤ በሩን የዘጋችው ራሷ ነበረችና። ልብ ካላየ ዓይን አያይም።

በሳምንቱ፣ ማክሰኞ ዕለት፣ ልብስ ሰፊው ጠረጴዛው ላይ እንደ ጎነበሰ እጁን ወደ ኋላ ዘረጋ። «ያንን… ያንን…» አለ። አፈ ንጉሥ «መቀሱን?» አለችና አቀበለችው። ራሱን ነቅንቆ ተቀበላት። በዚህ ምን የሚገርም ነገር አለ? በቀን ሃያ ጊዜ የሚሆን ነገር ነው። ከሰዓት በኋላ «ያንን…» አለ፣ ሜትር ሰጠችው። «እዚያ… ያ…» አለ፣ ገበሩን ከመደርደሪያው አወረደችለት። እንዲያውም በሆዷ ኩራት ቢጤ ተሰማት። ገና ሳይናገር የሚያውቁለት ሰው ስንቱ አለው?

ያን ቀን አንድ ስፒል ከከንፈሩ ቀኝ ጥግ ሾልኮ ወለሉ ላይ ወደቀ። ረቡዕ ሦስት ወደቁ። ሐሙስ ዕለት ወለሉን የምትለቅምበት ማግኔት በስፒል ጃርት መሰለ።

«ይኼ አዲሱ ፓኬት ያዳልጣል» አለች። «ነገ የድሮውን እገዛለሁ።»

እሱ ስፒሎቹን ከአፉ አውጥቶ ሳህን ላይ አስቀመጣቸው፣ ከዚያ ወዲያም ከሳህኑ ላይ እያነሳ ይሰካ ጀመር። ከንፈሩ ደክሞታል ማለት ነው ብላ ተረጎመችው፤ ለራሷ ነው የተረጎመችው፣ ሌላ ሰሚ አልነበረም።

ልጅቷ በቀን ሁለት ጊዜ ትደውላለች። «አባዬ እንዴት ነው?»

«ደህና ነው። ራሱን ትንሽ ከበድ አድርጎታል እንጂ እየባሰ አይደለም።»

«እስቲ ስጪኝ።»

«ሥራ ላይ ነው፣ እጁ ተይዟል። ደህና ነኝ ይላል።»

ከስልኩ ማዶ ያለው ሰው ቃሉ ከማን አፍ እንደወጣ አያይም። ማክሰኞም፣ ረቡዕም፣ ሐሙስም «ደህና ነኝ ይላል» ተባለ። ልጅቷም አመነች። ለምን አታምንም? ከሕፃንነቷ ጀምሮ የአባቷን ቃል የሰማችው በእናቷ አፍ ነው።

ዓርብ ጠዋት የሰፈሩ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ኮታቸውን ሊለኩ መጡ። ረዥም፣ ቀጠን ያሉ፣ ሠላሳ ዓመት ተማሪ ሲጠይቁ የኖሩ ሰው ናቸው። አፈ ንጉሥ ገበሩ አንሶ ስለነበር ጥጉ ላይ ካለው ጨርቅ ቤት ደርሳ ልትመጣ ወጣች። አሥር ደቂቃ ቢሆን ነው። ስትመለስ በሩ ላይ ቆም አለች፤ ውስጡ ዝም ብሏል።

ርዕሰ መምህሩ መስታወቱ ፊት አንድ ክንዳቸውን ዘርግተው ቆመዋል። ልብስ ሰፊው እጅጌውን ጫፉ ላይ ይዟል።

«እጅጌው ይጠር ይሻላል ወይስ እንዲህ ይሁን?» አሉ ርዕሰ መምህሩ። ድምፃቸው ይህን ሲጠይቁ የመጀመሪያቸው እንዳልሆነ ያስታውቃል።

«ያ…» አለ ልብስ ሰፊው። «እ… ያ…»

«አይቸኩሉ፣ ጋሼ።»

አፈ ንጉሥ ገባች። አፏ ከእሷ ቀድሞ ተከፈተ። «ሁለት ጣት ይጠር ይላል!»

ርዕሰ መምህሩ ክንዳቸውን ቀስ ብለው አወረዱ። በመስታወቱ ውስጥ ተመለከቷት። «እትዬ» አሉ፣ «እሳቸው ምንም አላሉም።»

«ስፒል ስለያዘ እኮ ነው…» ብላ ጀመረችና ቆመች። ስፒሉ ሳህን ላይ ነው። የባሏ አፍ ባዶ ነው። ባዶ አፍ፣ በቀኝ በኩል ጥቂት ዘንበል ያለ፣ ጥጉ ላይ ምራቅ ያረጠበው። ይህን አፍ ስንት ቀን አይታዋለች? ወረቀቱ እዚያው ነው፣ ከርዕሰ መምህሩ ትከሻ በላይ፣ በገዛ ልጇ እጅ የተለጠፈ። ሰባተኛውን መስመር አነበበችው። ቃል ከጠፋበት። ቃል አልጠፋበትም ብላ ነበር፣ ምክንያቱም ቃሉ እሷ ጋ ነበር።

ክው አለች። ገበሩን ወለሉ ላይ ጥላ ጠረጴዛው ላይ ያለውን መቀስ አነሳች፣ ፊቱ ፊት ያዘችው።

«ይኼ ምንድን ነው?»

ልብስ ሰፊው መቀሱን አየው። አርባ አንድ ዓመት በእጁ የኖረ መቀስ ነው፣ የአውራ ጣቱ ቦታ ብረቱ ላይ ጎድጉዷል። ከንፈሩን አንቀሳቀሰ። ከዚያ ዓይኑን ወደ እሷ መለሰና ጠበቀ። አቀብይኝ ነው የሚላት። ሌላ ጊዜ ይህን ዓይን አይታ ዝም ብላ አታውቅም።

«ንገረኝ» አለች፣ ድምፅዋ ተሰበረ። «አንተ ንገረኝ።»

እሱ እጁን ወደ መቀሱ ዘረጋ።

ርዕሰ መምህሩ መኪናቸውን አስነሡ። ሲነዱ ያ ግማሹ የተሰካ ኮት እንደለበሱ ነው፤ አንዱ እጅጌ ገና አልተገጠመለትም፣ ስፒሎቹ በመቀመጫው ላይ ሲወጓቸው ይሰማቸዋል። ከኋላ አፈ ንጉሥ የባሏን ቀኝ እጅ ይዛለች። እጁ አልያዛትም።

ድንገተኛ ክፍል ውስጥ ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ከልጃቸው የምታንስ። አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ብላ ፊት ለፊት አየችው።

«አባት፣ ስምዎት ማነው?»

ስሙን ተናገረ። ቀስ ብሎ፣ እየጎተተው፣ ግን ራሱ ተናገረው። አፈ ንጉሥ ተነፈሰች።

«ጎበዝ። ዛሬ ቀኑ ማነው?»

ዓይኑ ክፍሉን ዞረና እሷ ላይ አረፈ። ዓርብ። ቃሉ ከሆዷ ተነሥቶ ጉሮሮዋን አልፎ ከጥርሷ ኋላ ቆመ። እንዲህ ትንሽ ቃል! ዓርብ ብላ ብትሰጠው ምን ይጎድላል? ሰው ፊት አይዋረድም። ሰው ፊት አዋርዳው አታውቅም፤ ትዳሯ ማለት ይኸው ነበር። ሁለት እጇን በአፏ ላይ ጭና ያዘች።

ሐኪሟ አየቻት። «እናት፣ እንደዚያው ይቆዩ» አለች በለሆሳስ። ከዚያ ወደ እሱ ተመለሰች። «ይህችን ሴት ያውቋታል?»

ልብስ ሰፊው ራሱን ነቀነቀ፣ አዎ።

«ማን ናት?»

ጀመረ። «የ…» አለ። «ያ… የኔ…» ግንባሩ ላይ ላብ ወጣ። እንደገና ተመለከታት። አሁን ዓይኑ ውስጥ ያለው ልመና ብቻ አልነበረም፤ መገረም ነበር። አንቺም? የሚል ዓይን። እንባዋ በጣቶቿ መሐል ወረደ። ዝም አለች። በሕይወቷ ከሠራችው ሥራ ሁሉ የከበደው ይህ ዝምታ ነበር፣ ልጅ መውለዷንም ጨምሮ። እጇን ከአፏ ላይ አላነሳችም።

«ሁለቱንም እጅዎን ወደ ፊት ይዘርጉ። ዓይንዎን ይጨፍኑ።»

ግራው ቆመ። ቀኙ ቀስ እያለ፣ ባለቤቱ ሳያውቀው፣ ወረደ።

ሐኪሟ ከዚያ በኋላ ቁጭ አላለችም። አልጋው በሩጫ ወደ ስካን ክፍል ተገፋ፤ ተመልሶ ሲመጣ ደግሞ አንድ ሽበታም ቀዶ ጥገና ሐኪም አብሮት መጣ። ልጅቷም ያን ጊዜ ደረሰች፣ እጇ ላይ የጥቁር ሰሌዳ ጠመኔ እንዳለ።

«በግራ በኩል ነው» አለ ሐኪሙ። «በራስ ቅሉና በአንጎሉ መሐል ደም ተጠራቅሞ አንጎሉን እየገፋው ነው። አሁኑኑ ቀዳዳ ከፍተን ማውጣት አለብን። ሁለት ነገር ንገሩኝ። ንግግሩ የተያዘው መቼ ነው?»

«ዛሬ ነው» አለች ልጅቷ ፈጥና። «ትናንት ደህና ነበር። ማታ ደውዬ ጠይቄያለሁ።»

ሐኪሙ ሊጽፍ እስክሪብቶውን አነሳ። እዚያ ላይ አፈ ንጉሥ ዝም ማለት ትችል ነበር። ዝም ብትል ማንም ባልነቀፋት። አሁን ገና ዝምታን ተምራለች፤ ዛሬ ብላ ብታስጽፈው ከልጇ ዓይን ትድናለች። ማን ይናገር የነበረ ይባላል። የነበረችው እሷ ብቻ ናት።

«አይደለም» አለች። «ማክሰኞ ነው። ማክሰኞ ጠዋት መቀስ ማለት አቃተው፣ እኔ አልኩለት። ረቡዕ ስፒል ከአፉ ይወድቅ ጀመር፣ በቀኝ በኩል። እኔ ፓኬቱ ነው አልኩ።»

ልጅቷ ወደ እናቷ ዞረች። «እማዬ! ደህና ነኝ ይላል ብለሽኝ እኮ!»

«እሱ አላለም» አለች አፈ ንጉሥ። «እኔ ነኝ ያልኩት።»

ሐኪሙ ማክሰኞ ብሎ ጻፈ። ወቀሳ ፊቱ ላይ አልታየም፣ ጊዜም አልነበረውም። «ደም የሚያቀጥነውን ክኒን ለመጨረሻ ጊዜ መቼ ወሰደ?»

«ዛሬ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ» አለች። «በእጄ አጎረስኩት።»

ይህንንም ጻፈ። ክኒኑን የሚያረክስ መድኃኒት በመርፌ እንዲሰጥ አዘዘና ወረቀት ዘረጋላት፤ ስለ እሱ ሆና እንድትፈርም። ስንት ዓመት ሳትጠየቅ ስለ እሱ ሆና ስትናገር ኖራ፣ አሁን ሲጠይቋት ስሟን መጻፍ አቃታት። ልጅቷ ክንዷን ደግፋ አስፈረመቻት፣ ከዚያ ግን እጇን አነሳች።

መተላለፊያው ላይ ወንበሮቹ በግድግዳው ሥር ተደርድረዋል። ልጅቷ ሁለት ወንበር ርቃ ተቀመጠች። ሰው ይገባል፣ ይወጣል፣ ባልዲ የያዘች ሴት ወለሉን ጠርጋ ጨርሳ እንደገና ከጫፍ ትጀምራለች። አንድ ሰዓት ያህል አለፈ።

«ሕፃን ሳለሁ» አለች ልጅቷ በመጨረሻ፣ ፊቷን ሳታዞር፣ «ሰው ስሜን ሲጠይቀኝ የምትመልሺው አንቺ ነበርሽ። ስንተኛ ክፍል ነሽ ሲሉኝ አንቺ። ምን መሆን ትፈልጊያለሽ ሲሉኝም አንቺ።»

«እንዳታፍሪ ብዬ ነው።»

«አውቃለሁ። ሒሳብ የመረጥኩት ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? መልሱን አንቺ ስለማታውቂው።»

አፈ ንጉሥ አፏን ከፈተች። መልሳ ዘጋችው። ልጅቷ ተመለከተቻት። የእናቷ ፊት አረጀ፣ በአንድ ቀን ቁልቁል ወረደ። ልጅቷ ከወንበሯ ተነሥታ አጠገቧ ተቀመጠች፤ ይቅር አላለቻትም፣ አልተወቻትምም።

«ከሞተ እኔ ነኝ የገደልኩት» አለች እናትየው።

ልጅቷ አይደለም ልትላት ፈለገች። ግን ያን ቀን ከሰማችው ሁሉ በኋላ ያላወቀችውን ነገር መናገር ከበዳት። «አላውቅም፣ እማዬ» አለች። «እንጠብቅ።»

ፀሐይዋ ከመተላለፊያው መስኮት ላይ ሳትወርድ ሐኪሙ ወጣ። ቆቡ ሥር ላብ አለው። «ደሙ ወጥቷል» አለ። «አንጎሉ ወደ ቦታው እየተመለሰ ነው። ይተርፋል ብዬ አስባለሁ። ንግግሩ ምን ያህል እንደሚመለስ ግን ዛሬ ልነግራችሁ አልችልም።» ሊሄድ ዞረና እንደገና አፈ ንጉሥን አያት። «ማክሰኞ ማለትዎ ጠቅሞናል። የቆየውን ደም ከአዲሱ ለይቼ ገባሁበት።» ለማጽናናት ይሁን እውነት ይሁን አልገባትም። ይዛው ግን ቀረች።

አሥራ ሦስት ቀን ሐኪም ቤት ተኛ። ራሱ ተላጭቶ፣ ከግራ ጆሮው በላይ ስፌት ተሰፍቶበት፤ የሐኪሙን ስፌት ሲያይ ምን ይል ይሆን ብላ አፈ ንጉሥ አሰበች፣ ግን አልጠየቀችውም። ቃላቱ መምጣት ጀመሩ፣ አንዳንዱ ሮጦ፣ አንዳንዱ እያነከሰ፣ አንዳንዱም ጭራሽ ሳይመጣ። ንግግር የምታለማምደው ባለሙያ ለቤተሰቡ አንድ ትእዛዝ ሰጠች። «ቃል አታቀብሉት። ቢዘገይም፣ ቢያስጨንቃችሁም ራሱ ይፈልገው። ስትሰጡት መፈለግ ይተዋል።» ይህን ስትል የምታየው አፈ ንጉሥን ነበር፤ ሰው ነግሯት መሆን አለበት።

ቤት ከገባ በሦስተኛው ቀን፣ ረፋድ ላይ፣ ልብስ ሰፊው አልጋው ላይ በትራስ ተደግፎ ተቀምጧል። ልጅቷ ቅዳሜ ስለሆነ መጥታለች። አፈ ንጉሥ አልተቀመጠችም፤ አንሶላ ታጥፋለች፣ ክኒኖቹን ታያለች፣ ትወጣለች፣ ትገባለች። እሱ በዓይኑ ይከተላታል። ከንፈሩ ደርቋል፣ በምላሱ ያረጥበዋል።

«እባክሽ…» አለ።

ቆመች።

«እባክሽ… እ…»

ውኃ ነው። ማንም የሚያውቀው ነገር ነው፤ ከንፈሩ ተሰነጣጥቋል፣ ብርጭቆውም ራስጌው ላይ ነው፣ ክንዱ አይደርስበትም። የልጅቷ እጅ ወደ ብርጭቆው ሄደ። አፈ ንጉሥ የልጇን አንጓ ያዘች። አጥብቃ ነው የያዘቻት፤ ልጅቷ ፊቷን አኮማተረች። ሁለቱ ሴቶች እንደዚያ ተያይዘው ጠበቁ። ልብስ ሰፊው ዓይኑን ጨፈነ፣ ግንባሩ ተቋጠረ፣ ቃሉን ከሩቅ ይጎትተው ጀመር። ከውጭ አንድ መኪና መጥቶ አለፈ። ሌላም አለፈ። አፈ ንጉሥ ውኃ የሚለው ቃል ምላሷ ላይ እየተቃጠለ ምራቋን ዋጠች።

«ቁጭ…» አለ ልብስ ሰፊው። ተነፈሰ። «ቁጭ… በይ።»

የልጇን እጅ ለቀቀች። ውኃ አልነበረም። ውኃ ብትሰጠው ተቀብሎ ይጠጣው ነበር፣ ራሱን ነቅንቆ፣ ሳይከፋው፤ ያቀበለችውን ቃል መልሷል ተብሎ ተሰምቶ አይታወቅም። አርባ አንድ ዓመት። ስንት ጊዜ ቁጭ በይ ሊላት ሲጀምር ሌላ ነገር አቀብላው ይሆን? ስንት ጊዜስ ምን ሊላት ነበር? ይህን አሁን እሱም ራሱ አያውቀውም።

አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ አለች፤ ሌላ የሚለው ካለም ብላ ጠበቀችው።